መሪና ልጓም፤ ስለ መኪና ነጂዎችና ስለ እሽቅድምድም

በአገራችን በቀድሞ ዘመን የታወቀ ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ልዑል ራስ መኰንን አባ ቃኘው፥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸውን አንባቢዎቻችን ኹሉ ያውቃሉ። ፈረሱና ጌታው በአንድ ስም መጠራታቸው ትልቅ ትምህርት ያለበት ይመስለናል። የፈረሱ ኀይል ክብር የሚሆነው ጋላቢው በልጓም ሲገዛው ነውና። ልጓም የበጠሰ ፈረስ ግን ጌታውን ይጥላል፥ መንገደኛውንም ይረግጣል።

ዛሬ በፈረስ ፈንታ መኪና ተተክቷል። የሞተርም ኀይል እስካሁን ድረስ የሚለካው በፈረስ ጉልበት ነው። አንዲት ትንሽ የቤት መኪና 70 ወይም 80 የፈረስ ጉልበት አላት። በጥንት ጊዜ 80 ፈረስ አሰልፎ የሚዘምት ሰው ታላቅ መኰንን ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን ያንኑ ኀይል የ20 ዓመት ጐልማሳ በአንዲት ቁልፍ ያንቀሳቅሰዋል። እንግዲህ መኪናው ይህን ያህል ሲለወጥ ነጂውስ ምን ያህል ተለወጠ? የዛሬው ጽሑፋችን የሚመረምረው ይህን ነገር ነው።

ይህን እንድናስብ ያደረገን በአፍንጮ በር ሰፈር በአንድ ቤት ውስጥ የሰማነው ጨዋታ ነው። የቤቱ አባት ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ፥ ጐልማሳነታቸውንም በጭነት መኪና ሹፌርነት ያሳለፉ ሽማግሌ ናቸው። የልጅ ልጃቸው መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ሁለት ወር ሆኖታል። በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጁ ጓደኞቹን ይዞ ወደ ቢሾፍቱ ለመሄድ አስቦ የቤቱን መኪና ቁልፍ ለመናቸው። ሽማግሌው እሺም እንቢም ሳይሉ ቁልፉን በመዳፋቸው እንደ ያዙ ዝም አሉ። ልጁም የሚያባብላቸው መስሎት በስልኩ የሚታየውን የአሜሪካ የመኪና እሽቅድምድም አቀረበላቸውና፥ «አባባ፥ እስቲ ይመልከቱ፤ ነጂ ማለት እንዲህ ነው» አላቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፥ «መሄዱንስ አየሁት፤ ፍሬን የሚይዙት የት ላይ ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ መልስ አላገኘም።

ጥያቄው ከልባችን ስላልጠፋ፥ መልሱን ከአራዳ ጀምረን እስከ ባሕር ማዶ ድረስ ፈለግነው። ዓመታቱን ኹሉ የጻፍናቸው በአገራችን አቆጣጠር ነው።

ከፈረስ ወደ መኪና

የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባለውን መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ ወደ ዐፄ ምኒልክ ከተማ አመጣት። በዚያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ገና ከድሬ ዳዋ አላለፈም ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነውና። ስለዚህ መኪናዪቱ የመጣችው ለጎማ በተጠረገ መንገድ ሳይሆን ግመልና በቅሎ በሚሄዱበት ዱካ ነው። አዲስ ጥበብ ማየት የሚወዱት ንጉሠ ነገሥትም ተቀምጠው ሄዱባት። ከዚያ ጥቂት ዓመት አስቀድሞ ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሄድ ትልቅ የመንገድ ሞተር አስመጥቶ ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ሰይሞት ነበር።

በዚያ ዘመን በአራዳ ገበያ ዙሪያ መንገዱ የበቅሎና የፈረስ ነበር። መኳንንቱም እሽቅድምድም ማየት ሲፈልጉ የሚወጡት ከአፍንጮ በር ብዙ ወደማይርቀው ወደ ጃን ሜዳ ነው። ጉግሱም ግልቢያውም ቦታና ቀን ነበረው፤ በገበያ መካከል ፈረስ የሚያስጋልብ ሰው ጀግና ሳይሆን ባለጌ ይባል ነበር። ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ስለ መኪና የምንናገርባቸው ቃላት ራሳቸው ታሪክ ይነግሩናል። «ሹፌር» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው እሳት አንዳጅ ማለት ነው፤ በመጀመሪያው ዘመን በእንፋሎት ለሚሄደው ሞተር እሳት የሚያነድደው ሰው ነበርና። «መኪና» ግን ኢጣሊያንኛ ነው፤ ማርሽ፥ ጎማ፥ ፍሪሲዮን፥ ካቻቢቴ፥ ጎሚስታ የምንላቸውም እንዲሁ ከኢጣሊያንኛ የተገኙ ናቸው። የመኪናው አካላት ስማቸውን ይዘው ከባሕር ማዶ ሲመጡ፥ ነጂው በእጁ የሚይዘው ግን የራሳችን ስም ተሰጥቶት «መሪ» ተባለ። መኪናው የሰው አገር ሥራ ቢሆንም መምራቱ የያዡ ነው።

የረጅም ጉዞ ነጂዎች

ኢጣሊያ አገራችንን ወርሮ በነበረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ለጦሩ ሲል ብዙ የመኪና መንገድ አሠርቷል፤ ከደብረ ሲና በላይ ያለው የጣርማ በር ዋሻ በዚያ ጊዜ የተፈለፈለ ነው። ከነጻነት በኋላ እነዚያን መንገዶች የተረከቡት የኢትዮጵያ ሹፌሮች ናቸው። ሕዝቡ «ኤንትሬ» የሚለውን የፊያት የጭነት መኪና ይዘው እህልና ጨው፥ ቡናና ነዳጅ እየጫኑ ተራራ ለተራራ ይመላለሱ ነበር።

ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ሹፌርነትን የሚማረው በረዳትነት ነው። ረዳቱ ከጭነቱ ላይ ተቀምጦ ብርድና አቧራ ይቀበላል፤ ጎማ ይፈታል፤ መኪናው ዳገት ላይ ሲደክም ወርዶ ታኮ ከጎማው ሥር ያስገባል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሹፌሩ በሜዳ ቦታ መሪውን ያስይዘዋል። ስለዚህ መንዳትን የሚማረው ሰው አስቀድሞ የሚማረው መኪና እንዴት እንደሚቆም ነበር ማለት ይቻላል።

ሽማግሌው ለልጅ ልጃቸው የነገሩት አንድ ሕግ አለ። «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» ይላል። ምክንያቱም ግልጥ ነው። በትንሽ ማርሽ የሚወርድ መኪና ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ በትልቅ ማርሽ የለቀቀው ግን ሸክሙን ኹሉ በፍሬኑ ላይ ይጥላል። ፍሬንም አብዝቶ ሲታሸት ይግላል፤ ከጋለም በኋላ መያዙን ይተዋል። ይህ ሕግ በጣርማ በር እንደሚሠራ ኹሉ በከተማ ቁልቁለትም ይሠራል።

ሌላም ታላቅ ፈተና በነጂዎች ላይ መጥቶ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና ይሄድ የነበረው በመንገዱ በግራ በኩል ነው። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ግን ወደ ቀኝ እንዲዛወር ሆነ። እጅና ዓይን ብዙ ዓመት የለመዱትን በአንድ ቀን መተው ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ሰሞን የተጠቀመው ፈጣኑ ነጂ ሳይሆን ራሱን ለመግራት የቻለው ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ «ሃይላንድ ራሊ» የሚባል የመኪና ውድድር በአገራችን ተራራማ መንገዶች ላይ ይደረግ ነበር። በጎረቤታችን በኬንያና በአካባቢዋም በ1945 ዓ.ም. የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ እጅግ የታወቀ ነው። በሳፋሪው መጀመሪያ ዘመን የሚወዳደሩት መኪናዎች ማንኛውም ሰው ከመደብር የሚገዛቸው ዓይነት ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. ጆጊንደር ሲንግ የተባለው የኬንያ ሰው ከወንድሙ ጋር ሆኖ ሌላ ሰው ተገልግሎባት በነበረች ቮልቮ አሸነፈ፤ በ1966 እና በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ድሉን ደገመው። ይህ ሰው በሞያው መካኒክ ነበር። ጭቃና ድንጋይ በበዛበት ረጅም መንገድ መኪናውን ሳይሰብር የሚያደርስ ሰው፥ ከኹሉ ፈጥኖ የሚነሣውን እንደሚቀድመው አሳየ።

በባሕር ማዶ ያለው እሽቅድምድም

አሁን ልጁ በስልኩ ወደ ተመለከተው ወደ አሜሪካ እሽቅድምድም እንለፍ። ይህ ውድድር በመጀመሪያው የገበያ መኪና ውድድር ነው፤ ይኸውም ለእሽቅድምድም ተብሎ ያልተሠራ፥ ቤተ ሰብ የሚሄድበት መኪና የሚሮጥበት ማለት ነው። አመጣጡም የሚያስገርም ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ተራራ የሚኖሩ ድኾች ገበሬዎች በስውር አረቄ ያወጡ ነበር። አረቄውን በሌሊት ወደ ከተማ የሚያደርሱ ጐልማሶችም ከቀረጥ ዘበኞች ለማምለጥ ሞተራቸውን እያበረቱ፥ መብራት እያጠፉ በተራራ ጠመዝማዛ ይበርሩ ነበር። ኋላም ማን እንደሚቀድም ለማወቅ በእርሻ ሜዳ ላይ መሽቀዳደም ጀመሩ።

ይህን የተበተነ ነገር በሕግ ለማሰር ቢል ፍራንስ የተባለ ሰው በየካቲት 1940 ዓ.ም. ናስካር የሚባለውን ማኅበር አቋቋመ። የመጀመሪያው የገበያ መኪና ውድድር የተደረገው ሰኔ 12 ቀን 1941 ዓ.ም. በሻርሎት ከተማ ነው። በዚያ ቀን ቀድሞ የገባው ግሌን ደናዌይ ነበር። ነገር ግን መኪናው ሲመረመር እንደ አረቄ አመላላሾች መኪና የኋላ ባሌስትራው ተጠናክሮ ስለ ተገኘ ድሉ ተነሥቶ ለጂም ሮፐር ተሰጠ። በዚያው ውድድር ሣራ ክርስቺያን የተባለች ሴት ከወንዶቹ ጋር ነድታለች። እንግዲህ ማኅበሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስታወቀው ነገር፥ ፍጥነት ብቻውን ድል አለመሆኑን ነው።

የነጂዎቹም ጠባይ በየዘመኑ ተለዋወጠ። በመጀመሪያው ትውልድ ጁኒየር ጆንሰን የተባለው ስመ ጥሩ ነጂ በአባቱ አረቄ ማውጫ ተይዞ ታስሯል፤ በ1979 ዓ.ም. ግን ፕሬዚዳንት ሬጋን ምሕረት ሰጡት። በዚያው ትውልድ የነበረው ጥቁሩ ነጂ ዌንደል ስኮት ደግሞ ሞተሩን የሚያበጀው ራሱ ነበር፤ ረዳቶቹም የገዛ ልጆቹ ነበሩ። ኅዳር 21 ቀን 1956 ዓ.ም. በጃክሰንቪል አሸነፈ። ይሁን እንጂ ድሉ ለሌላ ነጂ ተነገረ፤ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ብቻ አሸናፊው እርሱ መሆኑ ታመነ። ዋንጫውንም ሳያይ በ1983 ዓ.ም. ሞተ። ማኅበሩ ዋንጫ ለቤተ ሰቡ ያስረከበው በ2013 ዓ.ም. ነው። ልጆቹ የአባታቸውን ድካም ሳይረሱ ከ50 ዓመት በላይ መጠበቃቸው ለቤተ ሰብ ኹሉ ምሳሌ የሚሆን ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ እንደ እኛ ፈረሰኞች ነው ብንል አይበዛም፤ ነጂው በመኪናው ላይ በተጻፈው ቍጥር ይታወቃልና። ሪቻርድ ፔቲ ሲነሣ 43፥ ዴል ኧርንሃርት ሲነሣ 3 የሚለው ቍጥር አብሮ ይነሣል። የፔቲ ቤት አራት ትውልድ በዚህ ሥራ አሳልፏል። አባትየው ሊ ፔቲ የመጀመሪያውን የዴይቶና 500 ውድድር በ1951 ዓ.ም. አሸነፈ፤ ልጁ ሪቻርድ 200 ጊዜ ድል አደረገ፤ ነገር ግን የሪቻርድ የልጅ ልጅ አዳም ፔቲ በ1992 ዓ.ም. በ19 ዓመቱ መኪናው ከግድግዳ ጋር ተላትሞ ሞተ። ከዚያም ዓመት ሳይሞላ፥ የካቲት 11 ቀን 1993 ዓ.ም. ኧርንሃርት በዴይቶና በመጨረሻው ዙር በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሞተ።

ይህ ሐዘን ነገሩን ኹሉ ለወጠው። በጥቅምት 1994 ዓ.ም.፥ በግጭት ጊዜ የነጂው አንገት እንዳይሰበር ራሱን ከትከሻው ጋር የሚያያይዝ መሣሪያ ግዴታ ሆነ። የሜዳው ግድግዳም ምት በሚያበርድ አሠራር ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ በማኅበሩ ዋና ውድድር ላይ የሞተ ነጂ የለም። የዛሬው ነጂ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በትንንሽ መኪና የሠለጠነ፥ ምግቡንና እንቅልፉን የሚጠብቅ፥ በመሐንዲሶች የተከበበ ሰው ነው። መኪናውም ከገበያ መኪና መልኩ በቀር የቀረለት ነገር የለም፤ ውስጡ ለውድድር ብቻ የተሠራ ነው። ዳኒካ ፓትሪክ የተባለች ሴትም በ2005 ዓ.ም. ለዴይቶና 500 በተደረገው ፈተና ከወንዶቹ ኹሉ ቀድማ በመጀመሪያው ቦታ ቆማለች።

እዚህ ላይ የሽማግሌው ጥያቄ መልሱን ያገኛል። እነዚህ ሰዎች ፍሬን የሚይዙት የት ላይ ነው?

አንደኛ፥ ማርቲንስቪል በተባለው ትንሽ ሜዳ ላይ በያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ አጥብቀው ይይዛሉ። 500 ዙር በሆነ ውድድር አንዱ ነጂ 1000 ጊዜ ፍሬን ይይዛል ማለት ነው። ብረቱ እስኪቀላ ድረስ ይግላል። ፍሬኑን በመጀመሪያው ያቃጠለ ሰው መጨረሻውን አያይም።

ሁለተኛ፥ በ1979 ዓ.ም. ቢል ኤልየት በታላዴጋ ሜዳ በሰዓት 342 ኪሎ ሜትር ሮጦ ነበር። በዚያው ሰሞን የሌላ ነጂ መኪና ወደ ተመልካቹ አጥር በርሮ ሰዎች ስለ ቆሰሉ፥ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያሳንስ ሳህን እንዲደረግ ታዘዘ። ፈጣኖቹ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ቀነሱ።

ሦስተኛው ከኹሉ ይልቅ የሚያስተምረን ነው። በውድድሩ መካከል ጎማ የሚለወጥበትና ነዳጅ የሚቀዳበት የጎን መንገድ አለ። በ1983 ዓ.ም. በዚያ ቦታ ጎማ የሚለውጥ አንድ ሠራተኛ በመኪና ተመትቶ ሞተ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በዚያ መንገድ የሚገባ ኹሉ፥ ሊያሸንፍ የደረሰም ቢሆን፥ በተወሰነ ዝግ ያለ ፍጥነት መሄድ ግዴታ ሆነበት፤ የተላለፈም ይቀጣል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ በዚያ ቦታ ሰው በእግሩ ቆሟል።

ከእሽቅድምድም ሜዳ ወደ አፍንጮ በር

እንግዲህ በፍጥነት እንጀራ የሚበሉ ሰዎች ሰው በቆመበት ሥፍራ ዝግ ማለትን ሕግ ካደረጉ፥ መንገዱ ኹሉ ሰው በሆነበት በአፍንጮ በር ምን ማድረግ ይገባን ይሆን? በዚያ ቁልቁለት ተማሪ ይወርዳል፥ ሸክም ያለበት ይወጣል፥ እናት ልጅዋን አዝላ ታቋርጣለች። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች የሚበዙት እግረኞች ናቸው። በዓለም ላይም በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፥ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ከበሽታ ኹሉ ይልቅ የሚቀጥፋቸው ይኸው አደጋ እንደ ሆነ የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል። ሒሳቡም ለማንም ግልጥ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም የሚፈጀው ርቀት፥ በ30 የሚሄደው ከሚፈጀው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። ዝናም የጣለ እንደ ሆነ ደግሞ ከዚህ ይብሳል።

በከተማችን መኪናው ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ሰማያዊና ነጭ ቀለም ከነበራቸው ሴይቼንቶዎች በኋላ ላዳዎችና ሚኒባሶች መጡ። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው «ራይድ» ታክሲን በስልክ መጥራት አስለመደን፤ ከእርሱም በኋላ የመጣው አንዱ «ፈረስ» የሚል ስም አወጣ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለ ተከለከለ፥ ድምፅ የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና በርክቷል። ድምፁ የማይሰማ መኪና ደግሞ እግረኛው ሳያውቀው ስለሚደርስ፥ ከነጂው የሚፈለገው ጥንቃቄ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ወደዚያች እሑድ እንመለስ። ሽማግሌው የጥያቄያቸውን መልስ ከልጁ ሳያገኙ ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፥ ለቤተ ሰባቸው ነግረውት የማያውቁትን ነገር ተናገሩ። «ረዳት ነበረኝ» አሉ። «ዕድሜው ካንተ አይበልጥም ነበር። ሳይመሽ ልድረስ ብዬ ቁልቁለቱን በትልቅ ማርሽ ለቀቅሁት። ፍሬኑ ጋለና እንቢ አለኝ። ልጁ ሳላዝዘው ታኮውን ይዞ ዘለለ። መኪናው ቆመ፤ እርሱ ግን አልተነሣም። ለናቱ የነገርኋት እኔ ነኝ። ፍሬኑ ነው አልኋት፤ እኔ ነኝ አላልኋትም።»

በቤቱ ውስጥ የተናገረ ሰው አልነበረም። ልጁ ስልኩን አጥፍቶ ተነሣና፥ «አባባ፥ ቢሾፍቱ ይቅር፤ ከጎኔ ተቀምጠው እስከ ፒያሳ ያስነዱኝ» አላቸው። ሽማግሌውም ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ወረዱ። ከኋላቸው የመጣ አንድ ሚኒባስ ጡሩምባ እየነፋ ቢያስቸኩላቸውም ልጁ አልቸኮለም። ከመሻገሪያው ላይ ሲደርስ ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ስላየ ቆመ፤ ሴቲቱም በእጅዋ አመስግና ተሻገረች። ሽማግሌው ምንም አልተናገሩም፤ ነገር ግን ሲመለሱ ቁልፉን ለልጁ ሰጡት።

ስለዚህ በቤታችሁ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ልጅ ያላችሁ አንባቢዎቻችን፥ ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት ጥቂት እሑዶች ከጎኑ ተቀምጣችሁ ሂዱ። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጥ አትጠይቁት፤ የት ላይ ፍሬን እንደሚይዝ ተመልከቱ። መሽቀዳደም የወደደም እንደ ሆነ ስለ መውደዱ አትንቀፉት፤ አባቶቻችንም ወድደውታል። ብቻ ለግልቢያ ጃን ሜዳ፥ ለገበያ ደግሞ እርጋታ እንደ ነበረው፥ ፍጥነትም የራሱ ቦታ እንዳለው ንገሩት።